ከጭቃ የተነሡ ገጸ ባሕርያት፦ የአኒሜሽን ቀራፂነት ሙያ ታሪክ

በእጅ በሚሣል የአኒሜሽን ፊልም፣ ማለትም በወረቀት ላይ ተራ በተራ የተሣሉ ምስሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ሕያው እንቅስቃሴ በሚመስሉበት የፊልም ዓይነት፣ አንዱን ሰከንድ ለመሙላት 24 ፍሬሞች ያስፈልጋሉ፤ ፍሬም የሚባለው በፊልሙ ላይ የሚያርፈው እያንዳንዱ ነጠላ ምስል ነው። አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም እንዲያገለግል ቢደረግ እንኳ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ፊልም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎችን ስለሚጠይቅ ሥራው በአንድ ሠዓሊ አቅም የሚያልቅ አይደለም፤ ተመልካቹ አንድ አካል አድርጎ የሚያየው ገጸ ባሕርይ በእውነቱ የብዙ እጆች ድምር ነው። እነዚህ እጆች አንዱን አካል በአንድ መጠንና በአንድ ጠባይ እንዲሥሉት ካስቻሏቸው መሣሪያዎች መካከል ዋነኛው፣ በጭቃ ተቀርጾ በጀሶ የተቀዳ፣ ብዙውን ጊዜ ከስንዝር ተኩል የማይበልጥ ትንሽ ሐውልት ነበር። ማኬት የሚባለው ይህ ሐውልት ለሠዓሊዎቹ መመልከቻ እንዲሆን ብቻ ስለሚሠራና እርሱ ራሱ በፊልሙ ላይ ስለማይታይ፣ የሠራው ቀራፂም እንደ ሥራው ሳይታይ ቀርቷል። የዚህን ሙያ አመጣጥ መከተል የሚገባው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው አንዳንድ ፊቶች መጀመሪያ ቅርፅ የያዙት በእነዚህ ስማቸው ባልተነሣ ሰዎች ጣቶች ውስጥ ስለሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1920ዎቹ የነበረው የካርቱን ፊልም ቀራፂ አላስፈለገውም። የዘመኑ ገጸ ባሕርያት ከክብና ከሞላላ ቅርጾች የተገጣጠሙ፣ እጅና እግራቸው እንደ ጎማ ቱቦ ያለ አጥንት የሚተጣጠፍ፣ ክብደትም ጥልቀትም የማይጠየቁ የወረቀት ላይ ፍጥረታት ነበሩ። በ1928 «ስቲምቦት ዊሊ» በተባለው አጭር ፊልም የታወቀው ሚኪ ማውስ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሚኪ ወደ ፊት ሲያይም ሆነ ወደ ጎን ሲዞር ሁለቱ ጆሮዎቹ ሁልጊዜ ሁለት ሙሉ ክቦች ሆነው ይታያሉ። በሥዕል ላይ ይህን ማንም ልብ አይለውም፤ ሠዓሊው ጭንቅላቱ በዞረ ቁጥር ጆሮዎቹን እንደ ልቡ እያንሸራተተ ያስቀምጣቸዋል። ቀራፂ ግን ጆሮውን በጭንቅላቱ ላይ አንድ ጊዜ ከተከለው በኋላ ሊያንሸራትተው አይችልም፤ ፊት ለፊት ክብ የነበረው ጆሮ ከጎን ሲታይ ቀጭን ሰሌዳ ይሆናል። ስለዚህ ሚኪ በሥዕል እንጂ በእውነተኛ ቦታ ውስጥ ሊኖር የማይችል አካል ነበር ማለት ይቻላል። የሙያው ታሪክ የሚጀምረውም የፊልም ሠሪዎቹ ፍላጎት ተለውጦ፣ ገጸ ባሕርያት እንደ እውነተኛ አካል በቦታ ውስጥ እንዲዞሩ፣ ጥላ እንዲጥሉና ክብደት እንዲኖራቸው ከተፈለገበት ጊዜ አንሥቶ ነው።

ይህ ለውጥ በጉልህ የታየው የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የመጀመሪያ ሙሉ ርዝመት ፊልሙን፣ «ስኖው ኋይትና ሰባቱ ድንኮች»ን፣ ሲያዘጋጅ ነው። ፊልሙ በታኅሣሥ 1937 በሎስ አንጀለስ ለእይታ እስኪበቃ ድረስ ሠዓሊዎቹ የሚመሩት በሞዴል ሺት ነበር፤ ይህም አንዱን ገጸ ባሕርይ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ እንዲሁም በልዩ ልዩ ስሜት ውስጥ አሰልፎ የሚያሳይ፣ ተባዝቶ ለሁሉም የሚታደል የሥዕል ወረቀት ነው። ሞዴል ሺቱ ጠቃሚ ቢሆንም ጉድለት ነበረው፤ በወረቀቱ ላይ ከሰፈሩት አቅጣጫዎች ውጭ ያለውን ሁሉ፣ ለምሳሌ ፊቱ ከበታች ሲታይ አገጩ ከአፍንጫው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ እያንዳንዱ ሠዓሊ በግምት መሙላት ነበረበት፤ ግምቱም ከሰው ሰው ይለያል።

መፍትሔው የመጣው ከጆ ግራንት ነው። በ1908 በኒው ዮርክ የተወለደውና በሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ላይ የታዋቂ ሰዎችን ፊት እያጋነነ በመሣል የታወቀው ግራንት፣ በ1933 የሆሊውድ ተዋንያንን ለሚያሳይ አንድ የሚኪ ማውስ ፊልም ሥዕል እንዲያዘጋጅ ተጠርቶ ወደ ዲዝኒ ስቱዲዮ ገባ፤ የ«ስኖው ኋይት»ን ክፉ ንግሥትና ጠንቋይ መልክ ካወጡትም አንዱ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ የገጸ ባሕርያት ሞዴል ክፍል የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል በእርሱ መሪነት ተቋቋመ። ክፍሉ የሚመጡትን ፊልሞች ገጸ ባሕርያት መልክ የሚቀይሱ ሠዓሊዎችንና ቅያሱን ወደ ጭቃ የሚለውጡ ቀራፂዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሲሆን፣ ከዚያ የሚወጣ ሞዴል ሺት የግራንት የስሙ መነሻ ፊደላት ያሉበት የይሁንታ ምልክት ካላረፈበት በስቱዲዮው ውስጥ እንደ ጸደቀ አይቆጠርም ነበር። ግራንት ራሱ በዋናነት የሥዕል ሰው ሆኖ ሳለ ሥዕል ብቻውን እንደማይበቃ መረዳቱ ለሙያው መወለድ ከሁሉ የላቀ አስተዋጽኦ ነው።

የማኬት አሠራር በየደረጃው ቢታይ የቀራፂው ሥራ ምን ያህል ፍርድ የሚጠይቅ እንደሆነ ግልጽ ይሆናል። ቀራፂው በመጀመሪያ የሚረከበው ጥቂት ሥዕሎችን ሲሆን፣ እነዚህ ሥዕሎች እርስ በርሳቸው የሚጣሉበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በአንዱ ላይ ሰፊ የሆነው ትከሻ በሌላው ላይ ይጠባል፣ ከፊት ሲታይ የሚያምር ጉንጭ ከጎን ሲታይ አፍን ይውጣል። ቀራፂው ከሽቦ አጽም ያበጃል፤ አጽሙ የገጸ ባሕርዩን አቋም፣ ማለትም ክብደቱ በየትኛው እግር ላይ እንዳረፈና ወገቡ ወዴት እንደተጠማዘዘ፣ አስቀድሞ ይወስናል። በአጽሙ ላይ በዘይት የተለወሰና ቶሎ የማይደርቅ ጭቃ እየጨመረ፣ በጣቱና በእንጨት መቅረጫ እየጫነ፣ ሐውልቱን በየጊዜው እያዞረ ከሁሉም አቅጣጫ ይመረምረዋል፤ ከአንዱ ወገን የታረመው ስሕተት በሌላው ወገን አዲስ ስሕተት ሊወልድ ስለሚችል ማዞሩ የሥራው ዋና ክፍል ነው። ገጸ ባሕርዩን የሚሥለው ዋና አኒሜተር መጥቶ ያየዋል፤ አፍንጫው ይቀነስ፣ አንገቱ ይጠር ይላል፤ ቀራፂውም ያስተካክላል። ሐውልቱ ሲጸድቅ ከጭቃው ላይ የውስጥ ባዶውን የሚይዝ ማውጫ ቅርጽ ይሠራና ጀሶ ተበጥብጦ ይፈስበታል፤ ጀሶው ሲጠነክር ወጥቶ ይጸዳል፤ ከዚያም በጥቂት ቅጂ ተባዝቶ፣ ገሚሱ ፊልሙ ላይ በሚውለው ቀለም ተቀብቶ፣ ለሠዓሊዎቹና ቀለም ለሚመርጡት ሠራተኞች ይታደላል። ዋናው የጭቃ ቅርጽ በአብዛኛው በዚህ ሂደት ይፈርሳል።

ማኬቱ በሠዓሊው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚሰጠውን አገልግሎት በፒኖኪዮ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ይህ ከእንጨት የተጠረበ ልጅ በራሱ ላይ ትንሽ ኮፍያ ደፍቷል፤ ቀና ሲል የኮፍያው ጠርዝ በአንድ በኩል ይጎብጣል፣ ሲያቀረቅር ጉብጠቱ ይገለበጣል፣ ሲዞር ደግሞ ጠርዙ ጆሮውን የሚያልፍበት ቦታ ይለወጣል። ሠዓሊው ይህን በሐሳቡ ከማስላት ይልቅ የጀሶውን ሐውልት አንሥቶ በሚፈልገው አቅጣጫ ያዘነብለውና ያየውን ይሥላል፤ መብራት ቢያበራበት ጥላው የት እንደሚወድቅ ሳይቀር ይነግረዋል። በሌላ ክፍል ያለው ባልደረባውም የዚያኑ ሐውልት ቅጂ ስለያዘ፣ ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንዱን ጭንቅላት ይሥላሉ።

በየካቲት 1940 የወጣው «ፒኖኪዮ» ለዚህ አሠራር ወርቃማው ዘመን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለፊልሙ ከገጸ ባሕርያቱ ማኬቶች በተጨማሪ ፒኖኪዮን የጠረበው የሽማግሌው ጄፔቶ የተቀረጹ ሰዓቶች፣ የአሻንጉሊት ትርኢት አሳዪው የስትሮምቦሊ ሠረገላ፣ በገመድ የሚንቀሳቀስ የፒኖኪዮ አሻንጉሊት ጭምር በእውን ተሠርተዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የታየው «ፋንታዚያ» ደግሞ ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ የሆኑ ፍጡራንን፣ የሚደንሱ ጉማሬዎችንና አዞዎችን ስለያዘ ለቀራፂዎቹ የበለጠ ፈታኝ ነበር፤ የሰው ወገብ ከፈረስ ትከሻ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሥዕል በቀላሉ ሊሸፈን ሲችል በጭቃ ላይ ግን እውነቱን ማውጣት ግድ ይላል። በ1942 ለወጣው «ባምቢ» ዝግጅትም መጋጠሚያ ያላቸው፣ እግራቸውና አንገታቸው የሚታጠፍ የአጋዘን ሞዴሎች ተበጁ፤ ሠዓሊው ሪኮ ሌብሩን የእንስሳ አካል አወቃቀር ሲያስተምር፣ ሞዴሎቹ ትምህርቱን በእጅ የሚዳሰስ አድርገውታል።

እነዚያን አጋዘኖችና የፒኖኪዮን አሻንጉሊት ከሠሩት መካከል በ1917 በሆኖሉሉ ተወልዶ በሳን ፍራንሲስኮ ያደገው ቻይናዊ አሜሪካዊ ዋ ሚንግ ቻንግ አንዱ ነው። ገና በልጅነቱ ሥራው ለእይታ የቀረበለት፣ በሠዓሊውና በአሻንጉሊት ቲያትር ባለሙያው ብላንዲንግ ስሎን እጅ የሠለጠነው ቻንግ፣ ወደ ዲዝኒ ሲገባ በክፍሉ ከነበሩት በዕድሜ እጅግ ወጣት ከሚባሉት ነበር። በ1940 በፖሊዮ ተይዞ እግሮቹ ክፉኛ ተጎዱ፤ ሆኖም ወደ ሙያው ከመመለስ አላገደውም። ቀጥሎም ከሃንጋሪ በመጣው ፊልም ሠሪ በጆርጅ ፓል ዘንድ ሠራ፤ የፓል አሠራር በሥዕል ፋንታ የእንጨት አሻንጉሊቶችን ፍሬም በፍሬም እያነሡ መቅረጽ ሲሆን፣ ልዩ የሚያደርገው አንዱን አሻንጉሊት ከማጠፍ ይልቅ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የተለየ ጭንቅላትና የተለየ እግር ጠርቦ መተካቱ ነው። በዚህ መንገድ አንድ አጭር ፊልም በሺዎች የሚቆጠሩ የተጠረቡ ክፍሎችን ይፈልግ ስለነበር፣ ቀራፂው ረዳት ሳይሆን ፊልሙን የሚሸከም ባለሙያ ሆነ።

ቻንግ ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ፕሮጀክት አንሊሚትድ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ለ1960ው «ዘ ታይም ማሽን» ፊልም የጊዜ መጓጓዣውን መሣሪያ ሠራ፤ ፊልሙ በልዩ ምስል ጥበብ የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ ግን በሽልማቱ ላይ የሰፈሩት የሁለት ሌሎች ሰዎች ስሞች ነበሩ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ለ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ፊልም በኪስ የሚያዘውን መነጋገሪያና በርካታ ፍጥረታትን ሲሠራም፣ የዕቃ ሠሪዎች ማኅበር አባል ባለመሆኑ ስሙ አልተገለጸም። በ«ፒኖኪዮ» መግቢያ ላይ የገጸ ባሕርያቱን መልክ የቀየሱት ሠዓሊዎች ስም ሲዘረዘር የቻንግ ስም እንዳልነበረ ከዚህ ጋር ሲታሰብ፣ በሦስት የተለያዩ ሥራዎች ላይ ሦስት ጊዜ የተደገመው መረሳት እንደ አጋጣሚ ሊቆጠር አይችልም። የቀራፂው ሥራ ለሌላ ሥራ ግብዓት ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ ስሙም እንደ ግብዓት ዕቃ ስም ተተወ። ቻንግ በኋለኛ ዘመኑ በካሊፎርኒያ በካርሜል ሸለቆ ተቀምጦ የነሐስ ቅርጻቅርጾችን ሲሠራ ኖሮ በ2003 አረፈ።

የሞዴል ክፍሉ ዘመን አጭር ነበር። በግንቦት 1941 በዲዝኒ ስቱዲዮ የተነሣው የሠራተኞች አድማ፣ ከመነሻዎቹም መካከል የደመወዝ አለመመጣጠንና ስም በፊልም ላይ አለመጻፉ የሚገኙበት፣ ስቱዲዮውን ከሁለት ከፈለው፤ ከዚያ ቀደም ብሎም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ገበያ በመዝጋቱ «ፒኖኪዮ»ና «ፋንታዚያ» ወጪያቸውን ሳይመልሱ ቀሩ። ገንዘብ ሲያጥር ለአንድ ገጸ ባሕርይ ብዙ ማኬት ማሠራት እንደ ቅንጦት መታየቱ አልቀረም። ግራንት በ1949 ስቱዲዮውን ለቀቀ። በ1950 በወጣው «ሲንደሬላ» ላይ እንደታየው፣ ሠዓሊዎቹ ተዋንያንን በካሜራ ቀርጸው ከፊልሙ እያዩ መሣል አዘወተሩ፤ ይህም ዘዴ እንቅስቃሴን ሲያስተምር የቀራፂውን አስፈላጊነት አሳነሰው። ከጀሶ ሐውልቶቹ ጥቂቶቹ በሠራተኞች ቤት ተቀመጡ፣ ብዙዎቹ ተሰብረው ጠፉ፤ ጀሶ ደግሞ በቀላሉ የሚፈረፍር ስለሆነ ዛሬ በደኅና የሚገኙት ብርቅ ናቸው።

ሙያው በአኒሜሽን ክፍል ሲዳከም በሌላ በር ተመልሶ ገባ፤ በሩንም የከፈተው ብሌይን ጊብሰን ነው። በ1918 በኮሎራዶ የተወለደው ጊብሰን በ1939 ወደ ዲዝኒ ገብቶ በ«ፋንታዚያ»፣ በ«ባምቢ»ና በ«ፒተር ፓን» ላይ በአኒሜተርነት ሲሠራ፣ ማታ ማታ በፓሳዲና ኮሌጅ ቅርጻቅርጽ ይማር ነበር። ዋልት ዲዝኒ የጊብሰንን የግል ቅርጻቅርጾች በአንድ ትርኢት ላይ አይቶ ዲዝኒላንድ ለሚባለው የመዝናኛ ቦታ እንዲሠራ ጠየቀው፤ በ1961ም ሙሉ በሙሉ ወደዚያው ተዛወረ። በ1964 በኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ተነሥቶ የሚናገረውን የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ምስል ሲቀርጽ፣ የሊንከን ፊት በሕይወት ሳለ በ1860 በቀራፂው ሌናርድ ቮልክ በጀሶ የተወሰደበትን ቅጂ መነሻ አድርጓል። በ1967 ለተከፈተው የካሪቢያን ባሕር ወንበዴዎች ትርኢት ለሠራቸው ፊቶች ግን ፍጹም ሌላ መንገድ ተከተለ፤ ጎብኚው በጀልባ ተቀምጦ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስለሚያልፋቸው፣ የእያንዳንዱ ወንበዴ ጠባይ በአንድ እይታ እንዲነበብ ቅንድቡን፣ አፍንጫውንና መንጋጋውን አጋነነ። ይህ ማጋነን የአኒሜተር ትምህርት ነው፤ ጊብሰን ለሃያ ዓመታት ያህል በወረቀት ላይ የተማረውን በጭቃ ላይ አዋለው። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከዘመኑ ቀራፂዎች ሥዕልንና ቅርጽን እንደ ጊብሰን አንድ ያደረገ የለም። ጊብሰን በ2015 በ97 ዓመቱ አረፈ።

በፊልሙ ክፍል ማኬት እንደገና የተነሣው በ1980ዎቹ፣ «ዘ ብላክ ኮልድረን» የተባለው በ1985 የወጣ ፊልም በተዘጋጀበት ወቅት ነው፤ በመመለሱ ድርሻ ያለው ሩበን ፕሮኮፒዮ አባቱም ለዲዝኒ መዝናኛ ቦታዎች የሠራ ቀራፂ ነበር። ተከታዩ አሥር ዓመት የሙያው ሁለተኛ የብልጽግና ዘመን ሲሆን፣ ከሁሉ ጎልቶ የሚነሣው ኬንት ሜልተን ነው። ሜልተን «ዘ ላየን ኪንግ»ንና «ዘ ሀንችባክ ኦፍ ኖትር ዳም»ን በመሳሰሉ የዲዝኒ ፊልሞች፣ ከዚያም በፒክሳር ስቱዲዮ «ዘ ኢንክሬዲብልስ» እና በላይካ ስቱዲዮ «ኮራላይን» ላይ የቀረጸ በመሆኑ፣ በእጅ ለሚሣል፣ በኮምፒውተር ለሚሠራና በአሻንጉሊት ለሚቀረጽ ፊልም በአንድ ሙያ ዘመን አገልግሏል። በእርሱ ትውልድ ጀሶው ቀርቶ በፈሳሽነት ፈስሶ የሚጠነክር ሬዚን የሚባል ሰው ሠራሽ ቁስ ተተክቷል፤ የሥራው ጠባይ ግን በግራንት ዘመን ከነበረው አልተለወጠም።

ኮምፒውተር መጥቶ ቀራፂን ያስወግዳል የሚለው ሥጋት ከመጀመሪያው መሠረት አልነበረውም። በ1972 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ኤድ ካትመልና ፍሬድ ፓርክ የሠሩት፣ በኮምፒውተር የተንቀሳቀሰ የሰው እጅ የሚያሳየው ታሪካዊ ፊልም ራሱ የተጀመረው በቅርጽ ነው፤ ካትመል የግራ እጁን በጀሶ አስቀድቶ፣ በጀሶው ላይ 350 ያህል ትናንሽ ባለ ብዙ ጎን ቅርጾችን በቀለም ሥሎ፣ የእያንዳንዱን ማዕዘን ርቀት ለክቶ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባ። በ1997 በወጣው የፒክሳር አጭር ፊልም «ጌሪስ ጌም» ውስጥ ብቻውን ቼዝ የሚጫወተው ሽማግሌ ጭንቅላትም መጀመሪያ በጭቃ ተቀርጾ፣ የገጽታው ነጥቦች በመለኪያ መሣሪያ ተወስደው ወደ ቁጥር የተለወጡ ናቸው። እዚህ ላይ የቀራፂው ደረጃ ከፍ ማለቱን ማስተዋል ያስፈልጋል፤ በእጅ በሚሣለው ፊልም ሐውልቱ የሚታይ ምሳሌ ብቻ ሲሆን፣ በዚህኛው ግን የቀራፂው ጣት ያወጣው ገጽ በቀጥታ የገጸ ባሕርዩ ቆዳ ሆነ።

በ1999 በተዋወቀው ዚብራሽ በሚባለው ፕሮግራምና በመሰሎቹ ቀራፂዎች በስክሪን ላይ በዲጂታል ብዕር መቅረጽ ጀመሩ፤ የቀረጹትንም በባለ ሦስት አውታር ማተሚያ፣ ማለትም ቁስን በስስ ንብርብር እየደራረበ ጠጣር አካል በሚያወጣ መሣሪያ፣ መልሰው በእጅ የሚያዝ ያደርጉታል። በ1993ቱ «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» ለዋናው ገጸ ባሕርይ ብቻ 400 ያህል ጭንቅላቶች በእጅ ተሠርተው ነበር፤ በ2009 በወጣው «ኮራላይን» ግን ተለዋጭ ፊቶች በዚህ ማተሚያ ወጡ፤ ይህም የጆርጅ ፓልን የመተካት ዘዴ በአዲስ መሣሪያ ማስቀጠል ነው። ዲጂታል ቅርጽ የማይሰበርና የማይደርቅ ጭቃ ቢሆንም አንድ ነገር ያሳጣል፤ ሐውልቱን ከብዙ ሰዎች መሐል በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ አንሥቶና ዳስሶ የመምከርን ዕድል ይወስዳል፤ እንደ ፒክሳር ባሉ ስቱዲዮዎች ጀሮም ራንፍትና ግሬግ ዳይክስትራን የመሰሉ ቀራፂዎች በጭቃ መሥራታቸውን የቀጠሉትም ይህ ጥቅም ስላልተተካ መሆን አለበት።

የዛሬ ፊልሞች የስም ዝርዝር ቀራፂዎችን በየስማቸው ይጠቅሳል። ከ1938 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት የተሠሩት የጀሶ ሐውልቶች ግን ዛሬ በጨረታ ቤቶች በከፍተኛ ዋጋ ሲሸጡ፣ በአብዛኛው የሚጠሩት በገጸ ባሕርዩና በስቱዲዮው ስም ብቻ ነው። የስቱዲዮ መዛግብትን የሚጠብቁ፣ ሐውልቶቹን የሚሰበስቡና የፊልም ታሪክን የሚጽፉ ሁሉ እያንዳንዱን ሐውልት ከሠራው ሰው ስም ጋር የማገናኘቱን ሥራ ሊጀምሩት ይገባል፤ የቀሩት ቅጂዎች ጥቂት፣ ጀሶውም የሚፈርስ ነውና።